ሙሉ ብረት ካልሆነ

«ፕላስቲክ አልነካም አልኩህ እኮ! በአማርኛ ነው የማወራህ፣ ጋሼ!»

«ማን ንካ አለህ? ፕላስቲክ ፕላስቲክ እያልክ ጆሮዬን በላኸው። ፕላስቲኩ እጀታው ነው። ጥይቱ የሚወጣበት ብረት ነው፣ የሚተኩሰው ብረት ነው። ስንቱ ፖሊስ ወገቡ ላይ ሰክቶት ይዞራል።»

«ይዙር! እስኪያዞረው ይዙር! እኔ ለባልዲና ለጀሪካን የተሠራ ነገር ታጥቄ ሰው አላስገድልም። አንዴ አስገድያለሁ፣ በቃኝ!»

እዚህ ላይ ሁለቱም ወደ በሩ ዞሩ። ምክንያቱም ሦስተኛዋ ሰው በሩ ላይ ቆማለች፣ ጃኬቷ ውሃ ያንጠባጥባል፣ መቼ እንደገባች ማንም አላየም።

«ምነው?» አለች። «ቀጥሉ እንጂ። ጥሩ ይዛችሁት ነበር።»

የሚጮኸው ሰውዬ ድንጋዩ ይባላል። የባንክ ብር የምታመላልስ የታሸገች መኪና አለች አይደል? የእሷ ጠባቂ ነው። ስሙን ያወጡለት የሥራ ጓደኞቹ ናቸው፤ እጁ አይንቀጠቀጥ፣ ፊቱ አይፈታ፣ ቀልድ ሲነግሩት ሳቁ በሳምንቱ ነው የሚደርሰው። እሱ ግን ድሮ ነው። ሌቦች መኪናዋ ላይ ከመጡበት ቀን ወዲህ ሻይ ሲይዝ ብርጭቆውና ማስቀመጫው እርስ በርስ ያወራሉ።

ጋሼ የሚለው የሚስቱን ታላቅ ወንድም ነው፤ አማቹ መሣሪያ ጠጋኝ ነው። ሱቁ ከመንገዱ ደረጃ ወርደው የሚገቡበት ምድር ቤት ነው፣ በሩ የብረት ፍርግርግ፣ አምፖሉ አንድ፣ እሱም ሲበራ ሲጠፋ። ጠረጴዛው ላይ ሞርሳ፣ ሞረድ፣ የዘይት ጣሳ፣ የጥርስ ብሩሽ። አማቹ ብሩሹን ሲያነሳ ሰው ሁሉ ይጠይቀዋል፣ «ጥርስህን ነው ወይስ ሽጉጡን?» እሱም ለሁሉም ያው መልስ አለው፣ «ቀድሞ ለቆሸሸው።»

በሩ ላይ የቆመችው ደግሞ ሹፌሯ ናት። የእሷ ነገር ከባድ ነው። በዚያ ቀን የሞተው ሰውዬ ባሏ ነበር። ፉጨት ይሉት ነበር፣ መሪ ከያዘ አፉ ስለማያርፍ። የታሸገችዋን መኪና ሲነዳ ስንት ዓመት ከድንጋዩ ጋር ኖረ፤ አንዱ እያፏጨ፣ አንዱ ዝም እያለ፣ እንደ ባልና ሚስት። ከቀብሩ በኋላ ድርጅቱ ሚስትየዋን ጠርቶ «ምን እናድርግልሽ?» ሲላት፣ ሌላ ሰው ቢሆን መሐረብ ያወጣል፣ እሷ «መኪናውን ስጡኝ» አለች። ሚኒባስ ስትነዳ የኖረች ናት፤ በር ስትዘጋ ጎረቤት የሚባንንባት ዓይነት። ሥልጠናውን ሰጧት፣ ተኩሱንም እንደማንኛውም ሠራተኛ አስተማሯት፣ ቁልፉንም ሰጧት። ነገ ጠዋት መኪናዋ ከዚያ ቀን ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ትወጣለች። መሪው ላይ እሷ፣ ከጀርባዋ ድንጋዩ። የለበሰችው ጃኬት የፉጨት ነው፣ እጅጌው ታጥፏል።

እንግዲህ ዛሬ ሽጉጥ መመረጥ አለበት። ድንጋዩ ለድርጅቱ «ፕላስቲክ ከሰጣችሁኝ ሥራ አልገባም» ብሎ ድርቅ ስላለ፣ ኃላፊው ሰልችቶት «ሂድ፣ የፈለግከውን ምረጥ፣ ብቻ ነገ ግባ» ብሎታል። ሹፌሯ ደግሞ ልትወስደው መጥታ ነው። ላይ ቆማ መጠበቅ ትችል ነበር። ወርዳ ገባች።

«እኔም ልየው» አለች። «ከጀርባዬ የሚቆመው እሱ አይደል?»

ድንጋዩ ዓይኗን ማየት አልቻለም። ቀብሩ ላይ እጇን ይዞ «ሽጉጡ ነከሰብኝ፣ አልተኩስም አለኝ፣ እህቴ፣ ያ ፕላስቲክ ነው የገደለው» ብሏታል። እንዲህ ያለው ለእሷ ብቻ አይደለም። ለፖሊሱ ብሏል፣ ለኃላፊው ብሏል፣ ለሚስቱ ብሏል፣ ፀጉር ለሚቆርጠው ሰውዬ ሳይቀር ብሏል። ደጋግሞ ከማለቱ የተነሳ የፕላስቲክ ወንበር ላይ መቀመጥ ትቷል።

አማቹ አሮጌ ፎጣ ዘረጋና ሦስት ሽጉጥ ደረደረ። ሦስቱም ሙሉ ብረት፣ ሦስቱም ምላጩን በሳብክ ቁጥር እየተኮሱ ቀጣዩን ጥይት ራሳቸው የሚያጎርሱ።

የመጀመሪያው እንደ መስታወት ያብለጨልጫል። ድንጋዩ እጁን ሲዘረጋ አማቹ መታው። «ተወው፣ ይኼ የፎቶ ነው። ይዘኸው ብትቆም ሌባው ራሱን አይቶበት ፀጉሩን ያበጥራል።»

«ታዲያ ለምን ደረደርከው?»

«ሌሎቹ ቁም ነገረኛ እንዲመስሉ።»

ሁለተኛው ረጅም፣ ጥቁር፣ ልጥጥ ያለ ነገር ነው። ውድድር የሚተኩስ ሰው ነበረ ባለቤቱ። አማቹ ላይኛውን ብረት ወደ ኋላ ሳበና መለሰው፤ በዘይት ላይ የሚሄድ ነው የሚመስለው፣ ቅንጣት አይነቃነቅም። «ይኼ ዝንብ ዓይኗን ይላታል» አለ። «ግን ከላይና ከታች ያሉት ብረቶች እንዴት እንደተጣበቁ አየህ? መሐላቸው ትንፋሽ አያልፍም። አቧራ ሲገባበት ያኮርፋል።»

«እሱን ስጠኝ! ዝንብ የሚመታ ነው የምፈልገው!»

«ሥራህ ከዝንብ ጋር ነው?»

ሹፌሯ ድንገት ሳቀች። ሳቋ መሐል ላይ ቆመ፣ ውሃ እንደሄደበት ቧንቧ።

ሦስተኛው አስቀያሚ ነው። ቀለሙ ተልጧል፣ እጀታው ላይ ያለው እንጨት ተፋፍቋል፣ የወታደር ዕቃ እንደነበረ ያስታውቃል። አማቹ ግን ይኼኛውን ሲያነሳ አያያዙ ተለወጠ። ባዶ መሆኑን አየ፣ ጣቱንም አስገብቶ ዳሰሰ። ጆሮው ሥር አድርጎ ነቀነቀው፤ ትንሽዬ ድምፅ አለችው፣ ኪስ ውስጥ እንዳለ ቁልፍ። «ይቺን ሰማህ? ይቺ ድምፅ ጥሩ ናት። ቆሻሻ የሚያልፍበት ቦታ አለው ማለት ነው። አሁን ደግሞ ይኼን እይ።» ዘጋውና አፈሙዙን በአውራ ጣቱ ገፋ። ግግም ያለ ነው። «ሲዘጋ አፈሙዙ ሁልጊዜ ያው ቦታ ላይ ነው የሚቀመጠው። ዒላማ የሚመታው በዚህ ነው። ሌላው ቢወዛወዝ ይወዛወዝ።»

ፈታታውና አፈሙዙን ወደ አምፖሉ አዞረ። ድንጋዩ አንድ ዓይኑን ጨፍኖ አየ፤ ውስጡ እየተጠማዘዘ የሚሄደው መስመር ጥርት ብሎ ያበራል። ጥይቱ የሚንሸራተትባት መግቢያ ለስላሳ ናት። ላይኛውን ብረት የሚመልሰውን ስፕሪንግ አማቹ ራሱ ለውጦታል። ተገጣጥሞ ሲሰጠው ክብደቱ መዳፉ ውስጥ ቁጭ አለ። እውነቴን ነው፣ ከዚያ ቀን ወዲህ እጁ ዝም ሲል ያየው አሁን ነው።

«ይኼ ነው» አለ። «ብረት ማለት ይኼ ነው።»

አማቹ ወደ ጓዳው የሚወስደውን በር ከፈተ። «ና ተኩሰህ እየው።»

ጓዳው ጠባብ ረጅም መተላለፊያ ነው፣ ጫፉ ላይ የአሸዋ ጆንያና ያረጀ ጎማ ተከምሯል፣ ከፊቱ የሰው ቅርፅ ያለው ወረቀት ተሰቅሏል። ጣሪያው ያፈሳል። ወረቀቱ ሰውዬ አንድ ትከሻው በስብሷል። ሦስቱም ጆሯቸውን ሸፈኑ። ድንጋዩ ጥይት የተደረደረበትን ካርታ ከእጀታው ሥር ከተተ፣ ላይኛውን ብረት ወደ ኋላ ስቦ አቀባበለ፣ አነጣጠረ፣ ምላጩን ሳበ።

ምንም።

ፊቱ አመድ መሰለ። «ነከሰ» አለ። ድምፁ የሕፃን ሆነ። «ጋሼ፣ ነከሰ።»

አማቹ ጠጋ ብሎ የላይኛውን ብረት ከኋላው በአውራ ጣቱ ነካ ሲያደርገው ቀጭ ብሎ ተዘጋ። የቀረው የጥፍር ያህል ነበር። «በል ተኩስ» አለው።

ተኮሰ። ካርታው እስኪያልቅ አንዱም አልነከሰም፤ ቀለሁ እየተፈናጠረ ግድግዳውን መታ። ወረቀቱ ሰውዬ ደረቱ ላይ ቡጢ የሚያህል ቀዳዳ አወጣ። ድንጋዩ ጥርሱ ታየ፣ በሳምንት የሚደርሰው ሳቁ በሰዓቱ ደረሰ። «አያችሁ? አያችሁ! መጀመሪያ ብርድ ሆኖበት ነው!»

«እንደገና አጉርስ» አለ አማቹ። ወረቀቱን አላየም። ከመጀመሪያው ጀምሮ የሚያየው የድንጋዩን ግራ እጅ ነው።

አጎረሰ፣ ሳበ፣ አቀባበለ። የጥፍር ያህል ቀረ። ምላጩ ሞቷል።

«ይኼም ቆሻሻ ነው!» ድንጋዩ ሽጉጡን መደርደሪያው ላይ ጣለው። «አሮጌ ብረት ነው የሰጠኸኝ! ያንን ረጅሙን አምጣ!»

ረጅሙን አመጡ። ዝንብ ዓይኗን የሚለውን። እሱም የጥፍር ያህል ቀረ። የፎቶውን አመጡ። እሱም።

ድንጋዩ ግንባሩ ላይ ላብ ቸፈፈ። ሦስት ሽጉጥ በአንድ ቀን አይነክስም። ይኼን ለመገንዘብ ትምህርት ቤት መግባት አያስፈልግም።

«እስቲ አምጣው» አለች ሹፌሯ። አስቀያሚውን አነሳች፣ ያጎረሰውን አውጥታ እንደገና ከተተች፣ ላይኛውን ብረት እስከ መጨረሻው ሳበችና ለቀቀችው። ቷክ! የሚኒባስ በር ነው ያስመሰለችው። ተኮሰች። የእሷ ጥይቶች ወደ ሆድ አካባቢ ወረዱ፣ አንዱ የበሰበሰውን ትከሻ ወሰደ፤ ግን ሁሉም ወጡ። ሌላ ካርታ ከተተች። ቷክ! ሁሉም ወጡ።

ሽጉጡን አስቀመጠችና ዞረች። «እስቲ አንተ አቀባብል። ተኩስ አላልኩም። አቀባብል ብቻ።»

ሳበ። መለሰው።

«ግራ እጅህ እላዩ ላይ ምን ይሠራል?»

ዝቅ ብሎ አየ። ግራ እጁ ብረቱን አልለቀቀውም። ይዞት፣ ከብረቱ ጋር አብሮ ወደፊት እየሄደ፣ ቀስ... ቀስ... አድርጎ እየመለሰው ነው፤ ሕፃን የተኛበትን ክፍል በር እንደሚዘጋ ሰው። ስፕሪንጉ ጉልበት ያጣና ጫፉ ላይ ይቆማል።

ድንጋዩ ክው አለ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሥራ የጀመረ ሰሞን ሽጉጡን የሚያቀባብለው ባንኩ አዳራሽ ውስጥ ነበር። የባንኩ ሥራ አስኪያጅ፣ ክራባቱ ጉሮሮውን የያዘው ሰውዬ፣ ጠርቶ «ደንበኞች ይደነግጣሉ፣ ድምፅ አታሰማ» አለው። ድንጋዩ ደግሞ ሲታዘዝ ድንጋይ ነው። ጠዋት ጠዋት ብረቱን በመዳፉ አፍኖ ያለ ድምፅ መመለስ ለመደ። ከቀን ወደ ቀን ጎበዘ፣ አጠገቡ የቆመ ሰው እንኳ አይሰማም። ከዚያ በአውራ ጣቱ ገፋ አድርጎ ይጨርሳታል፤ ጊዜው አለው፣ ማን ያሯሩጠዋል? ይኮራበት ነበር። ለአዲስ ጠባቂዎች ያሳይ ነበር፣ «እዩ፣ እንደ ድመት።» ማታ ማታ ጥይቱን ያወጣል፣ ጠዋት ያጎርሳል። እጁ ሌላ አገባብ እስኪረሳ።

በዚያ ቀን ግን መንገድ ተዘግቶ ረፍዶባቸው ስለነበር እሱና ፉጨት ተጣድፈው ወጡ፣ ጠዋት ሽጉጡን ሳያጎርስ። ዳቦ ቤቱ ጀርባ ያለው ጠባብ መንገድ ላይ ፉጨት የኋላውን በር ሊከፍት ወረደ፣ እያፏጨ። ሁለት ሰዎች ከግድግዳው ጥግ ብቅ አሉ። ድንጋዩ አያቸው፤ ፈራሁ ብሎ አያውቅም፣ ያኔም አልፈራም። ሽጉጡን መዘዘ፣ ሳበ፣ አቀባበለ። እንደ ድመት። ምላጩን ሳበ፤ ምንም። እንደገና ሳበ። ፉጨቱ ተቋረጠ።

«ታውቅ ነበር» አለው ድንጋዩ አማቹን። ጥያቄ አልነበረም።

አማቹ ቀለህ እየለቀመ ነው፣ አንገቱን አላቀናም። «ያን ሽጉጥ እንድመረምረው ለእኔ ነበር የላኩት። ፈትቼ ገጠምኩት፣ ተኮስኩበት። ምንም አልነበረበትም።»

«ታዲያ ለምን አልነገርከኝም?»

«እህቴ ናት አጠገብህ የምትተኛው። እንቅልፍ የወሰደው በፕላስቲኩ ማሳበብ ከጀመረ ወዲህ ነው አለችኝ። ይተኛ ብዬ ነው።» ቀለሁን ጣሳው ውስጥ ከተተ። «ሙሉ ብረት ስትለኝም ልቤ ፈራ። ግን እጁም ምናልባት ይለወጥ ይሆናል አልኩ። ምን አውቃለሁ እኔ? እኔ የብረት ጠጋኝ ነኝ።»

ሹፌሯ ግድግዳውን ተደግፋለች። ፊቷ ላይ የሚነበብ ነገር የለም።

«ልምድ ነው» አለ ድንጋዩ፣ ተጣድፎ። «ልምድ ይለቃል። አሁን አወቅኩት አይደል? አለቀ! ስቦ መልቀቅ ነው። ይኸው።»

ሳበ። እጁ ተከተለው። ቀስ... ቀስ...

«ልቀቀው» አለ አማቹ።

«ለቅቄዋለሁ!»

«ይዘኸዋል።»

እንደገና። እጁ ተከተለ። እንደገና። ዓይኑን ጨፈነ፣ ተከተለ። ተሳደበ፣ ተከተለ። አማቹ ክንዱን ያዘለት፤ ሲያዝለት ለቀቀ፣ ቷክ አለ፣ ሁለቱም በደስታ ጮኹ፤ ብቻውን ሲሞክር ያው ድመት ነው። አማቹ መዳፉን በጥፊ መታው። ቀላ፣ አበጠ፣ ተከተለ። መጨረሻ ላይ ድንጋዩ የገዛ እጁን እንደማያውቀው ሰው ያየው ጀመር፤ ያቺ እጅ ወንድ ልጅ አቅፋ ያሳደገች፣ የፉጨትን ሬሳ አንገቱን ደግፋ ያነሳች እጅ ናት። አሁን አንዲት ነገር ልቀቂ ቢሏት አትሰማም።

«ነገ ጠዋት ይለቃል» አለ። «አድሬ እለማመዳለሁ። አድሬ!»

ከላይ፣ መንገዱ ላይ፣ መኪና ኩሬ ረግጦ አለፈ።

ሹፌሯ ከግድግዳው ተላቀቀች። መጥታ አስቀያሚውን ሽጉጥ ከእጁ ወሰደች፤ ነጠቀችው አይባልም፣ ሰጣትም አይባልም። ባዶ መሆኑን አማቹ እንዳደረገው በዓይኗም በጣቷም አየች። ከዚያ ከድንጋዩ ወገብ ላይ የሽጉጡን ማህደር ከነቀበቶው ፈታች፣ እንደ ነርስ፣ ምንም ሳትለው። የባሏን ጃኬት ገለጥ አድርጋ ወገቧ ላይ አሰረችው። ቀበቶው ሰፍቷት ስለነበር አማቹ በመስፊያው አዲስ ቀዳዳ በሳላት። ሽጉጡን ከተተችው። ክብደቱ ጃኬቱን በአንድ ጎን ጎተተው።

ድንጋዩ የጥይት ሳጥን ላይ ቁጭ አለ። ያን ሁሉ ጊዜ የያዘው ነገር ያኔ መጣ፣ ማቆሚያ አጣ። «እኔ ነኝ የገደልኩት፣ እህቴ። ፕላስቲኩ አይደለም። ዋሸሁሽ፣ ቀብሩ ላይ እጅሽን ይዤ ዋሸሁሽ፤ አላወቅኩም ነበር፣ ግን ምን ዋጋ አለው፣ ዋሸሁሽ። ዓይኔ እያየ ነው። ሲወድቅ ወደ እኔ ዞሮ ነበር፣ ምን ሆነህ ነው የሚለኝ ይመስል ነበር። ባልሽ ነው፣ ወንድሜ ነው። ስደቢኝ። ምቺኝ። እግርሽ ላይ ልውደቅ፣ ግን ይቅር በይኝ፣ አንድ ቃል ብቻ፣ ይቅር...»

«ይቅርታውን ተወውና» አለች የመኪናዋን ቁልፍ ከጃኬቱ ኪስ እያወጣች፣ «መንጃ ፈቃድ አለህ?»